ታሪኩ የጠፋበት ዕቃ፦ «ክራምብስ» ስለ ተባለው ሲኒማ

በቅኔ ቤት ተማሪ ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት በሚነግርበት ጊዜ፣ መምህሩ የሚመረምረው የቃሉን ማማርና የቤቱን መምታት ብቻ አይደለም። «ይህን ስም ከየት አመጣኸው? ታሪኩስ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል እንጂ። ተማሪው ሶምሶንን ጠርቶ የጠጕሩን ነገር ካላወቀ፣ ዮናስንም ጠርቶ የነነዌን ነገር ካላወቀ፣ ሰሙ ያለ ወርቅ ይቀራል፤ ወርቅ የሌለው ሰም ደግሞ እሳት ሲነካው ቀልጦ ይፈስሳል እንጂ ጌጥ አይሆንም። ስም ከታሪኩ ሲለይ ምን እንደሚሆን በቅኔ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ይህንኑ ነገር በተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚያሳይ አንድ ሲኒማ በኢትዮጵያ ምድር ተሠርቷልና፣ በዚሁ በቅኔ ቤት ሚዛን ቢመዘን የተገባ ነው።

ሲኒማው «ክራምብስ» ይባላል፤ ትርጓሜውም ፍርፋሪ ማለት ነው። ደርሶ ያዘጋጀው ሚጌል ያንሶ የተባለ የእስጳንያ ሰው ሲሆን፣ ዋኖቹ ተዋንያን ግን ኢትዮጵያውያን፣ ንግግሩም በአማርኛ ነው። በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2015) በኔዘርላንድ አገር በሮተርዳም ከተማ በሚደረገው የሲኒማ በዓል ለሕዝብ ታየ። ርዝመቱ 68 ደቂቃ ብቻ ነው። የተሠራውም በጥቂት ገንዘብ ነውና፣ በአሜሪካ ሲኒማዎች እንደ ተለመደው በብዙ ወጪ የተሠራ ከተማና በሺሕ የሚቈጠር ሠራዊት አይታይበትም። ብዙ ሕዝብ የሚጋፋበት ሲኒማ አይደለም፤ ነገር ግን እንግዳና ረቂቅ ነገርን የሚወድዱ ጥቂት ሰዎች በየአገሩ አጥብቀው ወደዱት፤ ስለ እርሱም ይከራከራሉ።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ታላላቅ መንግሥታትና ከተሞች ጠፍተው፣ ሰዎች በጣም ጥቂት ሆነው፣ ምድር ባዶ በሆነችበት ዘመን፣ ካንዲ የተባለ አንድ ደቃቃ ሰው ቢርዲ ከምትባል ከሚወድዳት ሴት ጋር በአንድ በተተወ የቦውሊንግ መጫወቻ አዳራሽ ውስጥ ይኖራል። ሥራው የጠፋው ዓለም ጥሎት የሄደውን ዕቃ መልቀም ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ ቢያየው «ቆራሌው!» ብሎ ይጠራው ነበር። በሰማይ ላይ ዝጎ የቆመ ከዋክብትን የሚጓዝ ትልቅ መርከብ አለ። ለብዙ ዘመን ሳይንቀሳቀስ የኖረው ይህ መርከብ አንድ ቀን የመነሣት ምልክት ያሳያል፤ በአዳራሹ ያለውም አሮጌ መኪና ሰው ሳይነካው ይንቀሳቀሳል። ካንዲ ደግሞ ትውልዱ ከዚህች ምድር እንዳልሆነ፣ አገሩም ከከዋክብት መካከል እንደ ሆነ አጥብቆ ያምናል። ስለዚህም ወደ አገሩ የሚመለስበትን መንገድ ለማወቅ የምትወድደውን ሴት ትቶ ጕዞ ይጀምራል፤ በመንገዱም ጠንቋይ ይጠይቃል፣ ከጠላት ይሸሻል፣ በመጨረሻም የገና አባት ወደሚባለው ይገሠግሣል።

ይህን የሰማ የተማረ ሰው ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ ፈጥኖ ያስተውላል። ርቆ የቀረ ሰው፣ የምትጠብቀው ሴት፣ መንገድ የምትነግር ሟርተኛ፣ በየስፍራው የሚያጋጥም አስፈሪ ፍጥረት፤ ይህ ሁሉ ግሪካዊው ሆሜር ስለ ኦዴሴዎስ ከዘመረው መዝሙር የሚታወቅ መንገድ ነው። አዘጋጁ የሆሜርን ስም ባይጠራም፣ የጥንቱ ተረት አጥንት በአዲሱ ሥጋ ሥር ይታያል። ዛሬ በዓለም ላይ የግሪክን ተረት ወስዶ በመንገድ ላይ ልጆች፣ በስደተኞች፣ ጎማ በገጠሙለት ሳንቃ ላይ ቆመው በሚንሸራተቱ ወጣቶች መካከል እንደ ገና ማኖር የተለመደ ሥራ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1959 ማርሴል ካሙ የተባለ ፈረንሳዊ የኦርፌዎስን ተረት ወደ ብራዚል ወስዶ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ድሆች ሰፈር አሳይቶ ታላቅ ሽልማት ተሸልሟል። «ክራምብስ»ም የዚህ ወገን ነው።

የአሕዛብን ተረት በቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ ላይ ማንሣት ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፣ መልሱ ከአበው ዘንድ ይገኛል። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ ስለ ግሪኮች መጻሕፍት ለወጣቶች ምክር ሲጽፍ ንብን ምሳሌ አድርጎ አቅርቧል፤ ንብ ከአበባው ሁሉ የሚጠቅማትን ወስዳ ሌላውን ትተዋለችና። የኢትዮጵያ ሊቃውንትም ይህን በሥራ አሳይተዋል። በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ፣ ተቃጥላ ከአመድዋ የምትነሣውን ወፍ ወስዶ የትንሣኤ ምሳሌ አድርጓታል። ጣዖት ያመልክ የነበረው መቄዶናዊው እስክንድርም በግእዙ ዜና እስክንድር እግዚአብሔርን የሚያምን ንጉሥ ሆኖ ተጽፏል። ሊቃውንቱ ተረቱን አልፈሩትም፤ እንዳለም አልተቀበሉትም፤ ሰሙን ተቀብለው ወርቁን ከቤታቸው አወጡለት። ስለዚህ ጥያቄው ተረቱ ከየት መጣ የሚል ሳይሆን፣ በውስጡ የገባው ወርቅ ምንድር ነው የሚል ነው።

የኦዴሴዎስ ታሪክ ለኢትዮጵያ ሰው ከሌላው ይልቅ የቀረበ ነው። በመዝሙሩ መጀመሪያ ላይ የባሕር አምላክ ይባል የነበረው ፖሴይዶን መሥዋዕት ሊቀበል ወደ ኢትዮጵያውያን ሄዶ ነበርና፣ ሌሎቹ አማልክት እርሱ በሌለበት ተማክረው ኦዴሴዎስ ወደ አገሩ እንዲመለስ ፈረዱ። ኦዴሴዎስ በጦርነት 10 ዓመት፣ በባሕር ላይ ደግሞ 10 ዓመት ቆይቶ፣ በ20ኛው ዓመት ለማኝ መስሎ ወደ ቤቱ ገባ። ሞግዚቱ የነበረችው አሮጊት እግሩን ስታጥብ በልጅነቱ አውሬ የወጋውን ጠባሳ ዳስሳ ዐወቀችው። ሚስቱ ፔኔሎፔ ግን እንዲህ በቀላሉ አላመነችም። ልትፈትነውም ወድዳ አልጋው ከእልፍኙ ወጥቶ እንዲነጠፍለት አዘዘች። እርሱም ተቈጥቶ ያ አልጋ ከቦታው ሊነቃነቅ እንደማይችል፣ አንዱ እግሩ ሥሩ ከመሬት ያልተነቀለ የወይራ ዛፍ እንደ ሆነ፣ ራሱም በእጁ እንደ ጠረበው ተናገረ። ያን ጊዜ ባልዋ መሆኑን ዐወቀች።

የዚህ ተረት ወርቅ በዚህ ስፍራ ነው። ሰው ወደ ቤቱ መመለሱ የሚረጋገጠው በእግሩ ደጁን በመርገጡ አይደለም፤ ታሪኩን የሚያውቀው ዕቃ፣ ታሪኩን የሚያውቅ ሰውም በቤቱ በመገኘቱ ነው። ጠባሳው ታሪክ ባይኖረው የቍስል ምልክት ብቻ በሆነ ነበር፤ አልጋውም ታሪክ ባይኖረው እንጨት ብቻ በሆነ ነበር። ኦዴሴዎስን ኦዴሴዎስ ያሰኘው መልኩ አልነበረም፤ የዕቃው ታሪክ ነው።

«ክራምብስ» ይህን ወርቅ ገልብጦ ያሳያል፤ የሲኒማውም ብርታት እዚህ ላይ ነው። በካንዲ ዓለም ዕቃ ሞልቷል፤ ታሪክ ግን የለም። ካንዲ የለቀመውን ይዞ የሚሄድበት አንድ መያዣ ተቀባይ ነጋዴ አለ። ይህ ነጋዴ በፋብሪካ በሺሕ የተሠራውን የሕፃናት አሻንጉሊት፣ የዘፈን ሸክላውን፣ ሌላውንም ርካሽ ዕቃ እያገላበጠ፣ የከበረ ቅርስ እንደ ሆነ አድርጎ ታሪክ ይፈጥርለታል፤ ማን ሠራው፣ በየትኛው ዘመን ተሠራ፣ ለማን ዕድል አመጣ እያለ በጽኑ ቃል ይናገራል። የሚናገረው ሁሉ ሐሰት ነው፤ ግን ሐሰት ነው ሊለው የሚችል ሰው በምድር ላይ አልቀረም። ቢርዲም በአዳራሹ ውስጥ መቅደስ የመሰለ ስፍራ አበጅታ፣ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የነበረውን የማይክል ጆርዳንን ሥዕል አኑራ በፊቱ ትጸልያለች። ስሙ ቀርቷል፤ ማን እንደ ነበረ ግን ተረስቷል። ስለዚህም ስሙ አምላክ ሆነ።

በዚህ ስፍራ ቅር የሚለው ካህን ሊኖር ይችላል። ሻማና ሥዕል፣ ጸሎትና ስግደት የቤተ ክርስቲያን ሀብት ሲሆን፣ ለኳስ ተጫዋች ሲቀርብ ማየት ፌዝ ይመስላልና። ነገር ግን ነገሩ በጥንቃቄ ሲታይ ፌዙ በቅዱሳን ላይ አይደለም። ጠቢቡ ሰሎሞን በተባለው መጽሐፍ የጣዖት አመጣጥ ሲነገር፣ አባት የሞተበትን ልጁን ሥዕል አሠርቶ ሲያስብ፣ በዘመን ብዛት የልጁ ነገር ተረስቶ ሥዕሉ እንደ አምላክ እንደ ተመለከ የሚገልጽ ነገር አለ። ሲኒማው ያሳየው ይህንኑ ነው። የቅዱሳን ሥዕል ከጣዖት የሚለየው በቀለሙ አይደለም፤ በሥዕሉ ያለው ቅዱስ ማን እንደ ነበረ፣ ምን እንደ መሰከረ፣ በማን ስም እንደ ሞተ በገድሉና በስንክሳሩ ዘወትር ስለሚነበብ ነው። ንባቡ የቀረ ዕለት ሥዕሉ አደጋ ላይ ይወድቃል። አዘጋጁ ይህን ዐስቦ ይሁን ሳያስብ፣ ለቤተ ክርስቲያን አንባቢ ከዚህ የበለጠ ማስጠንቀቂያ አልሰጠም።

ከዚህ ይልቅ የጠለቀው ነገር የገና አባት ነው። ካንዲ ስለ አገሩ ሊጠይቀው የሚሄደው ሽማግሌ፣ ዛሬ በሱቅ መስኮት ቀይ ልብስ ለብሶ የሚታየው፣ መነሻው የሜራ ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው። ቤተ ክርስቲያን በስንክሳር በታኅሣሥ 10 ቀን ታስበዋለች፤ ለድሆች በስውር የሰጠውን ምጽዋት፣ ስለ ሃይማኖቱ የተቀበለውን እስራት ታነብባለች። ይህ ጻድቅ ከአገር አገር፣ ከቋንቋ ቋንቋ ሲሻገር ታሪኩ በመንገድ እየተንጠባጠበ ቀረ፤ በመጨረሻም ዕቃ የሚያሻሽጥ ሽማግሌ ሆነ። እንግዲህ ካንዲ ስለ ራሱ ማንነት የሚጠይቀው፣ የራሱ ማንነት የተረሳውን ነው። ታሪክ የጠፋበት ሰው ታሪክ ወደ ጠፋበት ቅዱስ ይሄዳል። አንድም እንዲህ ተብሎ ሊተረጐም ይችላል፤ የሰው ልጅ ሁሉን ከረሳ በኋላ እንኳ የሚሰጥ አባት እንዳለ አይረሳም፤ ስሙን ቢያበላሽ፣ ልብሱን ቢለውጥ፣ ወደ እርሱ መሄዱን አይተውም። ሁለቱም ትርጓሜ ይስማማል፤ ሲኒማውም ሁለቱን ይሸከማል። ፍጻሜው ምን እንደ ሆነ ግን ለሚያየው መተው ይገባል።

ይህ ሁሉ የሩቅ ዘመን ሕልም ብቻ የሚመስለው የጎንደር ሰው ቢኖር፣ ወደ ገዛ ከተማው ታሪክ ይመልከት። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው መጻሕፍት ወደ መቅደላ ከተወሰዱ በኋላ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ተዘረፉ። የተዘረፈውን ዕቃ ለመጫን 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጎ ነበር። በደላንታ ሜዳም ሐራጅ ተደረገ። በዚያ ሐራጅ ላይ ጽዋና መስቀል፣ ብራናና አክሊል በወታደሮችና በመኰንኖች እጅ ሲገላበጥ፣ ዋጋውን የሚጠራ ነበረ፤ ታሪኩን የሚነግር ግን አልነበረም። ከእነዚያም መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬም በለንደን አሉ።

ደግሞም እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው ከዳካር ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳውያን ጓድ ጎንደር ደርሶ ለወራት ተቀመጠ። አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ እንዳሠሩት በሚነገረው በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የነበሩትን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ፣ በምትካቸው በአዲስ ሸራ የተሣለ ቅጂ ሰጥቶ፣ የጥንቶቹን ወደ ፓሪስ ወሰደ። ዛሬ በዚያ ከተማ በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ሥዕሎቹ በደኅና ተጠብቀዋል፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን በፊታቸው ማሕሌት አይቆምም፤ ከበታቻቸው ሆኖ «ይህ የእንትና ገድል ነው» ብሎ ለልጁ የሚያስረዳ አባት የለም። የሲኒማው መያዣ ተቀባይ ነጋዴ ሐሰት ሲናገር የሚስቅ ተመልካች፣ ዕቃን ከታሪኩ መለየት በጎንደር ላይ አስቀድሞ የተፈጸመ ነገር መሆኑን ቢያስታውስ ሳቁ ይቀንስ ነበር።

እስከዚህ ያለው ምስጋና ነው፤ ነቀፋውም መነገር አለበት። የመጀመሪያው ነቀፋ ስለ መሬቱ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ኮሶዬ የሚደርስ እንግዳ፣ በአፋፉ ላይ ቆሞ ቍልቍል ሲመለከት፣ ገደል በገደል ላይ ተደራርቦ፣ ቈላው በጉም ውስጥ ጠፍቶ፣ ጭላዳዎች በሣሩ ላይ ተቀምጠው ሲያይ «የዓለም ዳርቻ ይህ ነው» ሊል ይችላል። ለኮሶዬ ባላገር ግን ዳርቻ አይደለም፤ መካከል ነው። እያንዳንዱ ሸንተረር ስም አለው፤ ገብሱ የሚዘራበት፣ ከብቱ የሚሰማራበት፣ ውሃው የሚቀዳበት ይታወቃል፤ የቦታው ስም ራሱ የኮሶን ዛፍ ያስታውሳል። እንግዳው ያየው ባዶነት በመሬቱ ላይ ያለ አይደለም፤ በእንግዳው ዕውቀት ውስጥ ያለ ነው።

«ክራምብስ» በዚህ ይበድላል። በደሎል ቢጫና ቀይ ሆኖ የሚፈላው ምድር በሲኒማው ውስጥ ሰው ያለቀበት ዓለም ተደርጎ ይታያል። እውነት ነው፤ ለዓይን ከዚህ የሚበልጥ እንግዳ ስፍራ በምድር ላይ ጥቂት ነው። ነገር ግን በዚያው በአፋር ዝቅተኛ ምድር ጨው ፈላጮች ከጥንት ጀምሮ በመጥረቢያ ጨው እየቈረጡ፣ በግመልና በበቅሎ እየጫኑ ወደ ደጋ ልከዋል፤ ያ ጨው አሞሌ ሆኖ የኢትዮጵያ ገበያ ሁሉ መገበያያ ነበር። የጎንደር ነጋዴ ዕቃውን የሸመተው ከዚያ «ባዶ» ከተባለው ምድር በወጣ ጨው ነው። ታሪክ የጠፋባቸውን ዕቃዎች የሚያዝንላቸው ሲኒማ፣ ታሪክ ያለውን መሬት ታሪክ እንደሌለው አድርጎ ማሳየቱ ከገዛ ወርቁ ጋር ይጣላል። በቅኔ ቤት ቋንቋ፣ ሰሙ ወርቁን ሰበረው።

ሁለተኛው ነቀፋ ስለ ሰው ነው። በካንዲ ዓለም ሰዎች ፍርፋሪውን ያመልኩታል ወይም ይሸጡታል፤ አንድም ሰው አይሠራበትም። የኢትዮጵያ ሰው ግን ከዕቃ ጋር ያለው ነገር እንዲህ አይደለም። ቆራሌው የሰበሰበው ቆርቆሮ መርካቶ ገብቶ ምድጃ ወይም ባልዲ ሆኖ ይወጣል። በየከተማው ያሉ ልጆች ከአሮጌ መኪና የወጣ ኩሽኔታ ፈልገው፣ በሳንቃ ሥር ገጥመው፣ እየጮኹ ቍልቍለቱን ይወርዱበታል። ኋላም የባሕር ማዶው ስኬትቦርድ በመጣ ጊዜ የአዲስ አበባ ወጣቶች እንግዳ ነገር ነው ብለው አልፈሩትም፤ በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. በከተማዪቱ ለዚሁ ጨዋታ የተሠራ ስፍራ ተከፍቶላቸው፣ ታላቁ ታናሹን እየያዘ ያስተምረው ጀመር። የወደቀን ነገር አንሥቶ ሕይወት መስጠት፣ የተማረውንም ለታናሽ ማስተማር፣ ይህ ከመርሳት የሚያድን መንገድ ነው። በሲኒማው ውስጥ አንድ እንኳ የሚያስተምር ታላቅ፣ አንድ እንኳ የሚጠይቅ ልጅ ጎልቶ አለመታየቱ የአዘጋጁ ዓይን ፍርስራሹን እንጂ ሠራተኛውን እንዳላየ ያስረዳል።

ይህ ጕድለት የሚታወቀው ሌላ የመመለስ ታሪክ ከአጠገቡ ሲቀመጥ ነው። በጎንደር የተወለዱት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት «ጤዛ» በዚያው ዓመት በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በተከታዩም ዓመት በዋጋዱጉ የአፍሪካ ሲኒማ በዓል ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። የ«ጤዛ» ባለታሪክ አንበርብር በጀርመን አገር ተምሮ፣ አንድ እግሩን አጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በሐይቅ ዳር ወዳለው የትውልድ መንደሩ ወደ እናቱ ይመለሳል። እርሱም እንደ ኦዴሴዎስ በአካሉ ላይ ምልክት ይዟል፤ እግሩ ግን እንዴት እንደ ተቈረጠ እንኳ በሚገባ አያስታውስም። ሲኒማው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚደክመው ይህን ምልክት ከታሪኩ ጋር ለማገናኘት ነው። ትዝታው በጥቂት በጥቂቱ እየተመለሰለት፣ ሕመሙም በዚያው መጠን እየጨመረ ሄዶ፣ በመጨረሻ ለመንደሩ ልጆች አስተማሪ ይሆናል።

እንግዲህ ሁለቱ ሲኒማዎች አንድ ተረት በሁለት ወገን ይነግራሉ። ካንዲ አገሩ በሰማይ እንደ ሆነ አምኖ የቆመበትን ምድር አያውቀውም፤ አንበርብር አገሩ ገብቶ ሳለ አገሩን የሚያገኘው ታሪኩን ሲያስታውስ ብቻ ነው። የመጀመሪያው በሽታውን በሚያስደንቅ ሥዕል አሳየ፤ የሁለተኛው ደግሞ መድኃኒቱን በሥቃይ ፈለገ። ወጣት ተመልካች ሁለቱን ቢያይ፣ አንዱን ብቻ ከማየት እጅግ የሚበልጥ ትምህርት ያገኛል። አስቀድሞ «ክራምብስ»ን፣ ቀጥሎ «ጤዛ»ን ማየት ይሻላል፤ በሽታውን ያላወቀ መድኃኒቱን አይፈልግምና።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ቃል መጨመር ይገባል። ግሪኮች ጀግናቸውን ከእብነ በረድ ሲቀርጹ ትከሻውን ሰፊ፣ ቁመቱን ረዥም ያደርጉት ነበር። «ክራምብስ» ግን የጀግናውን ሥራ ለዳንኤል ታደሰ ሰጠ፤ እርሳቸውም በአጭር ቁመታቸውና ነገርን ሁሉ ከልብ በሚቀበል ፊታቸው፣ ሊሣቅበት ይችል የነበረውን ታሪክ የሚታዘንለት አድርገውታል። ከአሻንጉሊት ሱቅ የመጣ የሚመስለውን የኃያላን ልብስ ለብሰው በባዶ ሜዳ ሲሄዱ፣ ተመልካቹ በልብሱ መሣቁን ይረሳል። ቢርዲን ሆነው የሠሩት ሰላም ተስፋዬም ብዙ ሳይናገሩ የመጠበቅን ድካም ያሳያሉ። ገንዘቡ ትንሽ መሆኑም ሲኒማውን አልጎዳውም፤ ስለ ፍርፋሪ የሚናገር ታሪክ በፍርፋሪ ገንዘብ መሠራቱ ከነገሩ ጋር የተስማማ ነውና። ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ብቻ ዓለምን የሚሸከም አይደለምን? አገር ውስጥ ሲኒማ ለመሥራት የሚነሣ ወጣት ከዚህ የሚማረው፣ የገንዘብ ማነስ የዐሳብ ማነስ ምክንያት እንዳልሆነ ነው።

በመጨረሻ የቀረው የርእሱ ነገር ነው። ፍርፋሪ የሚለው ቃል ለክርስቲያን እንግዳ አይደለም። ከነናዊቱ ሴት ከጌቶች ማዕድ ስለሚወድቀው ፍርፋሪ ተናግራ ልመናዋ ተፈጸመላት፤ በምድረ በዳም አምስቱ እንጀራ ከተበላ በኋላ ጌታ የተረፈው እንዳይጠፋ እንዲሰበሰብ አዝዞ 12 መሶብ ሞላ። በሁለቱም ስፍራ ፍርፋሪው ክብር ያገኘው በራሱ አይደለም፤ ሴቲቱ ማዕዱ የማን እንደ ሆነ ዐውቃለች፣ ደቀ መዛሙርቱም እንጀራውን ማን እንደ ባረከው በዓይናቸው አይተዋል። ካንዲ ሲለቅም የሚታዘንለት ከማን ማዕድ እንደ ወደቀ የሚነግረው ስላጣ ነው። ዕቃ ቤት ጠባቂው መስቀሉን ሲያወጣ ማን እንደ ሰጠው ለዲያቆኑ ቢነግር፣ የአብነት መምህሩ ስሙን ከነታሪኩ ቢያስተምር፣ የከተማውም አባት የቤቱን አሮጌ ዕቃ ነገር ለልጁ ቢያስረዳ፣ መያዣ ተቀባዩ ነጋዴ የሐሰት ታሪኩን የሚሸጥለት ሰው አያገኝም።